የኤልደር ስክሮልስ ጥያቄና መልስ፦ አትሩጡ፣ ሦስት ቦታ አስቀምጡ

ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢው የጌም ወዳጆች፦ ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ከሰዓት በኋላ መብራት እስካለ ድረስ ኤልደር ስክሮልስ ስለተባሉት ተከታታይ የኮምፒውተር ጌሞች የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ዳገርፎልን (1996)፣ ሞሮዊንድን (2002)፣ ኦብሊቪዮንን (2006) እና ስካይሪምን (2011) ጨርሻለሁ፤ ሞሮዊንድን ስንት ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አስቀድሜ የማሳስበው፦ ጨዋታችሁን ሦስት የተለያዩ ፋይሎች ላይ አስቀምጡ። ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ መብራት ከጠፋ ያ ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ የወራት ልፋታችሁ አብሮ ይሄዳል። በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል።

ከመሐል ሜዳ፦ ጋሼ፣ ከሁሉም የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ለምኑ? ለታሪኩ? ለውጊያው? ለአሮጌ ላፕቶፕ? ጥያቄህን አስተካክለህ ተመለስ።

ከደብረ ሲና፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እርስዎ ባሉኝ መሠረት ሞሮዊንድን ጀመርኩ። ከመርከቡ ወርጄ፣ ጌሙ በሚጀምርበት በሴይዳ ኒን መንደር ዳር ያገኘሁትን ሸርጣን በጩቤ ሃያ ጊዜ ሰነዘርኩበት። ጩቤው ሲያርፍበት በዓይኔ አያለሁ፤ ሸርጣኑ ግን ምንም አልሆነም። ጌሙ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በሞሮዊንድ የሚዋጋው የአንተ እጅ አይደለም፤ የፈጠርከው ሰው ነው። እሱ ጩቤ ካልተማረ አንተ ብታነጣጥርለት ዋጋ የለውም። ስሌቱ ይኸውልህ። የመሣሪያውን ክህሎት ያዝ፤ የቅልጥፍናውን አንድ አምስተኛና የዕድሉን አንድ አሥረኛ ደምርበት። ጩቤ ያልተማረ ሰው ክህሎቱ 5 ነው፤ ቅልጥፍናውም ዕድሉም 40 ቢሆን ድምሩ 17 ይመጣል። ይህ በጉልበቱ ይባዛል፤ አረንጓዴው መስመር ሙሉ ከሆነ በ1.25፣ ባዶ ከሆነ በ0.75። አንተ ደግሞ ከመርከቡ እስከ ሸርጣኑ ድረስ እየሮጥክ እንደሄድክ አልጠራጠርም፤ ሩጫ መስመሩን ይጨርሰዋል። እንግዲህ ከመቶ ሙከራ የምታገኘው 13 ያህሉን ነው፤ ሸርጣኑ የሚያመልጥበት ደግሞ ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

አሁን ሌላ ሰው ፍጠር። ዘሩን ሬድጋርድ አድርገው፤ በዘሩ ብቻ ረጅም ሰይፍ ላይ 15 ያገኛል። ረጅም ሰይፍን ከዋና ክህሎቶቹ አንዱ አድርገው፣ መነሻው 30 ነው። ዝንባሌውን ውጊያ ካደረግከው 5 ይጨመርለታል፤ 50 ሞላ። በዚያው ቅልጥፍናና ዕድል ድምሩ 62 ይሆናል። በእርምጃ ከደረሰ ከ77 በላይ፣ ሮጦ ከደረሰ 46። ሰውየውም ሰይፉም ያው ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው ሩጫ ነው። የጣርማበርን ዳገት በሩጫ የወጣ ሰው እዚያው ጫፍ ላይ እንጨት ፍለጥ ቢባል መጥረቢያው የት ሊያርፍ ይችላል? ወደ ውጊያ አትሩጥ። ሦስት ቦታም አስቀምጥ።

ከጠባሴ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ይህ የሒሳብ ፈተና እንጂ ጨዋታ አይመስለኝም። ስካይሪም ላይ ሰይፍህ ከነካ ነካ ነው።

ከአንኮበር፦ ስካይሪም ላይ እኮ ሁሉም ሰው ሁሉንም ይሆናል! ሁለት ሦስት ድግምት የሚያውቅ ተዋጊ የዊንተርሆልድ የአስማተኞች ኮሌጅ አለቃ ሆኖ ይሾማል።

ከጠባሴ፦ ይሾማ! ከሥራ ደክሞኝ ስመለስ የምፈልገው ነጻነት ነው።

ከአንኮበር፦ ሳይማሩ መሾም ነጻነት ነው?

መልስ፦ ተዉ፣ ጥያቄ ያላቸው ሰዎች እየጠበቁ ነው። ነገር ግን የአንኮበሩ ልክ ነው። ሞሮዊንድ ውስጥ ማኅበራቱ ማዕረግ የሚሰጡህ ክህሎትህን አይተው ነው፤ ካልበቃህ ተምረህ ና ይሉሃል። ክህሎቶቹም ያኔ 27 ነበሩ። በኦብሊቪዮን 21፣ በስካይሪም 18 ሆኑ። እያንዳንዱ ቅነሳ አንድ ዓይነት ሰው ከዓለሙ አስወጥቷል። ጦር ይዞ የሚኖር ሰው በስካይሪም ልትሠራ ብትፈልግ አትችልም።

ከሸዋ ሮቢት፦ የድሮውን ኦብሊቪዮን እየተጫወትኩ ደረጃ 20 ደርሻለሁ። መንገድ ላይ የሚዘርፈኝ ተራ ሽፍታ ሁሉ ውድ የሆነውን የመስታወት ጥሩር ለብሷል። በጠነከርኩ ቁጥር ደካማ እየሆንኩ ነው።

መልስ፦ በዚያ ጌም አንተ ስታድግ ዓለሙም አብሮህ ያድጋል። ዋና ብለህ የመረጥካቸው ሰባት ክህሎቶች በድምሩ አሥር ጊዜ ሲያድጉ ደረጃ ትወጣለህ። ዝላይንና ንግግርን ከመረጥክ እየዘለልክና እያወራህ ደረጃ ትወጣለህ፤ ሽፍታው ግን የሚጠነክረው በጦር መሣሪያ ነው። የምትዋጋበትን ክህሎት አሳድግ። የ2025ቱ እድሳት ነገሩን አቅልሎታል፤ በየደረጃው 12 ነጥብ ይሰጥሃል፣ ራስህ ታከፋፍላለህ።

ከደብረ ብርሃን፦ በስካይሪም ተደብቆ በቀስት መግደል ምርጥ የገጸ ባሕርይ አገነባብ ነው አይደል?

መልስ፦ ይሠራል። ሁሉም ሰው መጨረሻው እዚያ ነው። ሌላ ነገር ሞክር።

ከመሐል ሜዳ፦ ጋሼ፣ ለታሪኩ ማለቴ ነበር።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ሞሮዊንድ፣ ያለ ምንም ማመንታት። በጌሙ ዓለም፣ በመጀመሪያው ዘመን 700ኛው ዓመት፣ ቀይ ተራራ ላይ ታላቅ ጦርነት ሆነ። ድዌመር የሚባሉት ሕዝቦች በአንድ ቅጽበት ከምድር ጠፉ፤ የድል አድራጊዎቹ መሪ ኔሬቫርም ሞተ። እንዴት ሞተ? የአገሩ ሃይማኖት መሪ የሆነው ቤተ መቅደስ ከጦርነቱ ባገኘው ቁስል ነው ይላል። በአመዱ ምድር የሚኖሩት ዘላኖች የገደሉት ሦስቱ አማካሪዎቹ ናቸው፣ ከዚያም ሎርካን የተባለውን የሞተ አምላክ ልብ ተጠቅመው ራሳቸውን አማልክት አደረጉ ይላሉ። ከሦስቱ አንዱ ቪቬክ በሕይወት አለ፤ ፊት ለፊት ልትጠይቀው ትችላለህ፣ እሱም የራሱ ቃል አለው። ኖርዶች የሚባሉት የሰሜን ሰዎች በዘፈናቸው ሌላ ይተርካሉ። ጌሙ እውነቱ ይህ ነው ብሎ አይነግርህም። አንተ ራስህ የዚያ የሞተው ሰው ዳግም ልደት መሆን አለመሆንህን እንኳን አይቆርጥልህም።

እኔ የተወለድኩት መንዝ ነው። ልጅ ሆኜ እሳት ዳር ባና ተከናንቤ ሦስት ሽማግሌዎች አንድን ጦርነት ሲተርኩ ሰምቻለሁ፤ ሦስቱም ያሸነፈው የየራሳቸው ወገን ነበር። ትልቁን ነገር የያዝኩት የማይስማሙበት ቦታ ላይ ነው። ከኮምፒውተር ጌም ያን የመሰለ ነገር ያገኘሁት እዚህ ብቻ ነው። የመንገዱም ነገር እንዲሁ ነው፤ በካርታ ላይ ቀስት አያሳዩህም። ሰው ትጠይቃለህ፣ ወንዙን ተሻገር፣ ትልቁን ድንጋይ በግራ ተው ይልሃል፤ አንዳንዴም ያሳስትሃል።

ከአንኮበር፦ ኔሬቫርን የገደሉት ሦስቱ መሆናቸው የታወቀ ነው።

ከዓለም ከተማ፦ በማን የታወቀ? ዘላኖቹ የቤተ መቅደሱ ጠላቶች ናቸው። ጠላት የመሰከረው ይታመናል?

ከአንኮበር፦ ሥልጣኑ የተረፈው ለማን እንደሆነ ተመልከት።

መልስ፦ ይህን ክርክር እኔም ከራሴ ጋር አልጨረስኩትም።

ከዓለም ከተማ፦ እሺ ጋሼ፣ ድዌመሮች ይመለሳሉ?

መልስ፦ ሞሮዊንድ ውስጥ አንድ ቀርቷል፣ ያግሩም ባጋርን፤ ሕዝቡ ሲጠፋ በሌላ ዓለም ነበር። እሱም ወገኖቹ የት እንደደረሱ አያውቅም። በስካይሪም አርኒየል የሚባል ሊቅ ኪኒንግ በተባለችው ስለት የእነሱን ሥራ ሊደግም ሞከረ፤ ዓይናችን እያየ እሱም ጠፋ። ከዚህ በላይ የሚነግርህ ካለ እየፈጠረ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ ስድስተኛው ኤልደር ስክሮልስ መቼ ይወጣል?

መልስ፦ በ2018 አጭር ማስታወቂያ አሳዩ። ቀጥል።

ከደብረ ብርሃን (ተማሪ ነኝ)፦ ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ራሙም 4 ጊጋ ብቻ ነው። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። አሬና (1994) እና ዳገርፎል አሁን በነጻ የሚሰጡ ናቸው። ሞሮዊንድን ከገዛህ ኦፕን ኤም ደብሊው በሚባለው፣ ወዳጆቹ ከባዶ በጻፉት ፕሮግራም አስነሳው፤ በቀላል ኮምፒውተር በደንብ ይሄዳል። ተጨማሪ ማሻሻያ አትጫን፣ መጀመሪያ እንደተሠራ ጨርሰው። ሦስት ቦታ አስቀምጥ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ፋይሌ ተበላሸ፤ አልከፍት አለኝ።

መልስ፦ ስንት ፋይል ነበረህ?

ከሸዋ ሮቢት፦ አንድ።

መልስ፦ ዛሬ ይህን ስል ስንተኛ ጊዜዬ ነው? ከመጀመሪያው ጀምር፣ ወንድሜ። በእውነት አዝናለሁ።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ ሬድጋርድ ሠራሁ፣ በእርምጃ ሄድኩ፣ ሸርጣኑ በአራተኛው ምት ሞተ! ከሰፈሩ ወጣ ስል ግን አንድ ሰው ከሰማይ እየጮኸ ወድቆ ፊቴ ሞተ። ሦስት የድግምት ጥቅልል ይዞ ነበር። አንዱን አንብቤ ብዘል ደመና ደረስኩ፣ ስወርድ እኔም ሞትኩ።

መልስ፦ ታርሂኤል ነው። ጥቅልሉ የዝላይ ክህሎትህን በ1000 ያሳድጋል፣ ግን ለ7 ሰከንድ ብቻ ነው። አየር ላይ ሳለህ ያልቃል፤ እሱንም የገደለው ይኸው ነው። ሁለተኛውን መሬት ልትነካ ስትል አንብብ፣ ያኔ አወዳደቁ አይጎዳህም። ከመዝለልህ በፊት ግን...

ከደብረ ሲና፦ ሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ ጋሼ።