ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፦ ዘንድሮ ዪር 13 ለምትገቡ ልጆች

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? እረፍቱ አለቀ። እዚህ እንግሊዝ አገር ሴፕቴምበር ሲገባ ብዙዎቻችሁ ወደ ሲክስ ፎርም (የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት) ተመልሳችሁ የመጨረሻውን ዓመት፣ ዪር 13ን፣ ትጀምራላችሁ። ይህን የምጽፈው በተለይ በአሥራዎቹ ዕድሜ መጥታችሁ፣ እንግሊዝኛውን እዚሁ ለምዳችሁ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ለሚያስገባው ለኤ ሌቭል ፈተና ለደረሳችሁት ነው። እኔም እንደናንተው ነበርኩ። ዛሬ ለንደን ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖኛል።

ባለፈው ቅዳሜ የጓደኛዬ ልጅ ቤቴ መጥታ ነበር። እኔ ቡና እየቆላሁ እሷ የዪር 12 ውጤቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ባዮሎጂ ቢ፣ ሂሳብ ቢ፣ ኬሚስትሪ ሲ።

"እትዬ፣ በኬሚስትሪው እንደዚህ እሆናለሁ ብዬ አልጠበቅኩም" አለችኝ።

"አስተማሪሽን ጠየቅሻት?"

አንገቷን ደፋች። "እንዴት ብዬ? ቅር ይላታል።"

ቡናው ሊያርርብኝ ነበር። ይህንኑ ቃል ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔ ራሴ ብዬዋለሁ።

ኤ ሌቭል የተፈተንኩት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ያደግኩት "ዝም አይነቅዝም" እየተባልኩ ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግረኝ ዓይኔን መሬት እተክላለሁ፤ አስተማሪ "ገባችሁ?" ሲል ባይገባኝም ራሴን እነቀንቃለሁ። ለእኔ ይህ አክብሮት ነበር። የኬሚስትሪ አስተማሪዬ ግን ያየው ሌላ ነው፤ ፍላጎት የሌላት፣ ትምህርቱ ያልዘለቃት ልጅ። ቤት በተላከው ሪፖርት ላይ ክፍል ውስጥ እንደማልሳተፍ ጻፈ፣ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዬም "ዲ ታገኛለች" ብሎ ገመተ። ፋርማሲ ለመማር ደግሞ ኬሚስትሪ በአብዛኛው ግድ ነው። ያመለከትኩባቸው ሁሉ አይሆንም አሉኝ። ኦገስት ላይ ውጤቱ ሲመጣ ቢ ሆኖ ተገኘ፤ ግን ማን ይቀበለኝ? ቀኑን ሙሉ በክሊሪንግ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ያልሞላ ቦታቸውን በሚሰጡበት አሠራር፣ ክፍት ቦታ ፍለጋ ስልክ ስደውል ዋልኩ። እናቴ የምናገረው ሳይገባት አጠገቤ ተቀምጣ በልቧ ትጸልይ ነበር። ወደ ማታ አንድ ቦታ ተገኘልኝ። አስተማሪዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ያላሳየሁትን ከየት አምጥቶ ይጻፍልኝ?

"ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚለውም የኛው አባባል ነው። ዘንድሮ ይዛችሁ የምትገቡት ይሄኛውን ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እዚህ አገር ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚገባው ውጤት ሳይወጣ ነው። ፈተናው ሜይና ጁን፣ ውጤቱ ኦገስት፤ ማመልከቻው ግን ከሴፕቴምበር ጀምሮ ይላካል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው እጅ የሚገባው አስተማሪዎቻችሁ የገመቱት ነው፤ ፕረዲክትድ ግሬድ የሚሉት። ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህንን ግምት የሚቆርጡት የዪር 12 ውጤትን እና ከእረፍት እንደተመለሳችሁ የሚሰጧችሁን ፈተና አይተው ነው። "ከገና በኋላ እጠነክራለሁ" የምትሉ ልጆች አሳዝናችሁኛል፣ ምክንያቱም ከገና በኋላ ስትጠነክሩ ወረቀታችሁ ሄዷል።

አጠያየቁ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። "ለምን ሲ ሰጡኝ?" ካላችሁ ክርክር ነው። "ቢ ለማግኘት ምን ይጎድለኛል? ምን ባሳይዎት ግምቱን ከፍ ያደርጉልኛል?" ካላችሁ ግን ሥራ ነው። ከዚያ ቀን ቁረጡ። "በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ወረቀት ሠርቼ ላምጣ?" በሉ። እዚህ አገር አስተማሪ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል እንጂ ንቀት አይመስለውም። ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ እስከዛሬ እቆጫለሁ።

ከልጅቷ ጋር ቡናውን ይዘን የፈተና ወረቀቷን አንድ በአንድ አየነው። ስሌቱን በሙሉ አግኝታዋለች። የወደቀችው ማብራሪያው ላይ ነው። አንዱ ጥያቄ የአልኬኖች ሰንሰለት ሲረዝም የመፍያ ነጥባቸው ለምን ከፍ ይላል የሚል ነበር። እሷ "ቦንዱ ስለሚጠነክር" ብላ ጽፋለች። ስህተት ነው፤ ሲፈላ ሞለኪውሉ ውስጥ ያለው ቦንድ አይበጠስም፣ የሚላቀቀው በሞለኪውልና በሞለኪውል መካከል ያለው መሳሳብ ነው። "ታውቂዋለሽ?" ብላት በአማርኛ ጥርት አድርጋ አስረዳችኝ! ታውቀዋለች። የጎደላት ፈታኙ የሚፈልገው ቃል ነው። በአንዲት ቃል ነጥቦቹ ሁሉ ሄዱ።

ይህ የኛ ልጆች ዋና ችግር ይመስለኛል። ስለዚህ ፓስት ፔፐር (ያለፉ ዓመታት ፈተና) ስትሠሩ ማርክ ስኪሙን (ፈታኙ ነጥብ የሚሰጥበትን መመሪያ) ከጎን አስቀምጡ፣ ግን መጀመሪያ ሳታዩ ጻፉ፤ ከዚያ ነጥብ የሚያሰጠውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ በእጃችሁ ደብተር ላይ ገልብጡት። ሁለቱም በፈተና ቦርዶቹ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ በጣም የቅርቦቹን ወረቀቶች አንዳንዴ ከአስተማሪ መጠየቅ ሊኖርባችሁ ይችላል። የጥያቄዎቹን ትእዛዝም ለዩ። "ዲስክራይብ" ሲል የሆነውን ንገሩኝ ማለት ነው፣ "ኤክስፕሌን" ሲል ለምን እንደሆነ። ስንቱ ጎበዝ ልጅ እዚህ ላይ ተሰናክሏል! የዪር 12 ደብተራችሁንም አትጣሉ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በመጣው ለውጥ ኤ ሌቭል የሚፈተነው የሁለቱ ዓመት ትምህርት በመጨረሻ ላይ አንድ ላይ ነው።

ቀኖቹን ቶሎ ልበላችሁ። ሕክምና፣ የጥርስ ሕክምና፣ የእንስሳት ሕክምና፣ እንዲሁም ኦክስፎርድና ካምብሪጅ የምታስቡ፣ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ በሚቀበለው ድርጅት፣ በዩካስ፣ በኩል እስከ ኦክቶበር 15 መላክ አለባችሁ። ለሌላው ለአብዛኛው ዋናው ቀነ ገደብ ጃንዋሪ ነው። ትምህርት ቤታችሁ ግን ሪፈረንሱን (ስለ እናንተ የሚመሰክረውን ደብዳቤ) የሚጽፍበት ጊዜ ስለሚፈልግ የራሱን ቀን ቀደም አድርጎ ይቆርጣል፤ የምትይዙት እሱን ነው። አምስት ምርጫ አላችሁ፣ ሕክምና ከሆነ ከአምስቱ አራቱ ብቻ።

ፐርሰናል ስቴትመንቱ፣ ስለ ራሳችሁ የምትጽፉት፣ አሁን በሦስት ጥያቄዎች ተከፍሏል፤ በጠቅላላው 4,000 ፊደልና ክፍት ቦታ ይይዛል። ልጅቷ የጻፈችውን አነበብኩት። "ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወድ ነበር" ይላል። ይህን ስንት ሺህ ልጅ ይጽፈው ይሆን? "ቤት ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት። "ምንም። አያቴን ሐኪም ቤት እወስዳለሁ፣ አስተረጉማለሁ።" ከዚያ አንድ ነገር አጫወተችኝ። አያቷ ስኳር አለባቸው። ኢንሱሊኑ ጠዋት 8 እና ማታ 8 እንዲወሰድ ተነግሯቸዋል፤ በፈረንጅ ሰዓት ማለት ነው። እሳቸው ግን 8 ሰዓት ሲባሉ የሚያውቁት የኛን ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ይወጋሉ፣ ደግሞ ደውል ሞልተው ሌሊት 8 ሰዓት ይነሳሉ። ልጅቷ አንድ ሌሊት ስታጠና አምሽታ ኩሽና ስትገባ አያቷ በነጠላ ተጠቅልለው፣ መብራት ሳያበሩ፣ መርፌውን ይዘው አገኘቻቸው። "ምነው በዚህ ሌሊት?" ስትላቸው "ሐኪሙ አይደል ያለኝ?" አሏት። በማግስቱ ጂፒው (የሰፈሩ ሐኪም) ጋ ደወለች፣ ከዚያ ሳጥኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋ በአማርኛ "ጠዋት 2፣ ማታ 2" ብላ ጻፈች፤ ማንበብ ስለሚከብዳቸው ደግሞ ከጎኑ ፀሐይና ጨረቃ ሳለች።

እኔ በሥራዬ ይህን የሰዓት ስህተት አውቀዋለሁ፤ ሰው ሊጎዳ የሚችል ስህተት ነው። እሷ በአሥራ ሰባት ዓመቷ አግኝታ አስተካክላዋለች፣ ከዚያ "ምንም አልሠራሁም" ትለኛለች። ባዮሜዲካል ሳይንስ ለመማር ለምትፈልግ ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ልጆች፣ ለእናታችሁ ካውንስል ቢሮ ስታስተረጉሙ፣ ታናናሾቻችሁን ከትምህርት ቤት ስታመጡ፣ ቅዳሜ ሱቅ ስትሠሩ የተማራችሁትን ጻፉት። ጉራ አይደለም።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ለወላጆቻችሁ አስረዷቸው። "ሎን"፣ የተማሪ ብድር፣ ሲባል እኛ የምንሰማው ዕዳ ነው፣ ቤት የሚያሸጥ ዕዳ። የትምህርት ክፍያው በዓመት ከ9,500 ፓውንድ በላይ ስለሆነ መደንገጣቸው አይገርምም። በአሁኑ የእንግሊዝ አሠራር ግን የሚከፈለው በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ማግኘት ስትጀምሩ ነው፤ ያውም ከዚያ በላይ ካለው ገቢ ላይ 9 በመቶ። ከ40 ዓመት በኋላ የቀረው ይሰረዛል። ወለድ እንዳለው ግን አትደብቋቸው። የስደተኝነት ፈቃድ ያገኘ ልጅ እንደ አገሬው ተቆጥሮ ማመልከት ይችላል። ጉዳያችሁ ገና ያልተወሰነላችሁ ግን ብድሩን አታገኙም፤ ለእናንተ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሳንክቹዋሪ ስኮላርሺፕ የሚሉት፣ ለስደተኞች የሚሰጥ ድጋፍ፣ አላቸው፣ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ከአሁኑ ለእያንዳንዳቸው ኢሜይል ጻፉ። ለአውቶቡስና ለመጽሐፍ የሚቸግራችሁ ደግሞ ሲክስ ፎርም ቢሮ ሄዳችሁ ስለ በርሰሪው (ለተቸገረ ተማሪ ስለሚሰጠው ድጎማ) ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ከምንም በላይ እንደሚከብድ አውቃለሁ። በር ዘግታችሁ ለአንድ ሰው ብቻ መንገር ትችላላችሁ።

"የእገሌ ልጅ ሜዲሲን ገባ" የሚለውን ወሬ አልፋለሁ፣ በየለቅሶውና በየሠርጉ ትሰሙታላችሁ። የናንተን ወረቀት የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ጥያቄውን ተለማመድን። እኔ አስተማሪዋን ሆንኩ። መጀመሪያ በአማርኛ አለችው፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። በሦስተኛው ዓይኔን እያየች ጨረሰችው። ቀና ብሎ ማየት ድፍረት እንዳልሆነ እንድታምን ብዙ ጊዜ ወስዶብናል። ረቡዕ ኬሚስትሪ አላት፣ ከክፍሉ በኋላ ቆይታ ልትጠይቅ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ለወላጆችም ንገሯቸው። ውጤት የሚመጣው በኦገስት አጋማሽ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ክሊሪንግ ውስጥ ከገባችሁ ደዋዮቹ እናንተ ራሳችሁ መሆን አለባችሁ፣ ሰዓታት የሚቆጠሩበት ቀን ነው። በየዓመቱ ግን ቤተሰብ ለእረፍት ትኬት ቆርጦ፣ ልጁ በዚያ ቀን አዲስ አበባ ላይ ኔትዎርክ ሲፈልግ እሰማለሁ። የአዲስ አበባውን ትኬት ከውጤቱ ሐሙስ በኋላ ቁረጡ።