ከታይምላይን ወደ ጥሬ ቀረጻ መመለስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፕሪሚየር ፕሮ በተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ዘጋቢ ፊልም እያቀናበርሁ ነው። ታይምላይን (ክሊፖች በቅደም ተከተል የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ያለ ምስል ከየትኛው ክሊፕ እንደተቆረጠ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ጠቋሚውን ምስሉ ላይ አቁመው፣ ትራኩ (ክሊፑ የተቀመጠበት ረድፍ) መመረጡን አረጋግጠው የኤፍን ቁልፍ ይጫኑ። «ማች ፍሬም» የተባለው ይህ ትእዛዝ ዋናውን ክሊፕ ያችኑ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ላይ አቁሞ በሶርስ ሞኒተሩ፣ ማለትም ጥሬው ክሊፕ በሚታይበት መስኮት፣ ይከፍተዋል፤ ከመቁረጫው በፊትና በኋላ የቀረውንም ማየት ይችላሉ። ሌላው የማቀናበሪያ ፕሮግራም ዳቪንቺ ሪዞልቭም በዚሁ ቁልፍ ይሠራል።

ጥያቄ፦ በሁለት ካሜራ ሰርግ ቀርጸን ነበር። ሃርድ ዲስኩን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወስጄ ፋይሎቹን መልሼ ሳገናኝ በሙሽሪት ቤት ምስል ቦታ የአዳራሹ ገባ። ለምን?

መልስ፦ የስም መመሳሰል ነው። ብዙ ካሜራዎች ካርድ በተቀየረ ወይም ፎርማት በተደረገ ቁጥር ከ«ሲ0001» ሊጀምሩ ስለሚችሉ፣ በአንድ ሰርግ ሦስትና አራት «ሲ0001» ማግኘት የተለመደ ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ በቅድሚያ የሚፈልገው በፋይል ስም ነው። አሁን ለማስተካከል፣ በማገናኛው መስኮት ከስሙ በተጨማሪ «ሚዲያ ስታርት» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት፤ ያን ጊዜ የመነሻ ታይምኮዱም (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም የሚሰጠው የሰዓት ቁጥር) ይመሳከራል። ሁለቱም ካሜራዎች ከ00:00:00:00 ጀምረው ከሆነ ግን ይህም አይለያቸውም፤ ክሊፖቹን አንድ በአንድ በዓይን ማመሳከር ሊያስፈልግ ይችላል። እኔም በዚህ ምክንያት አንድ ሌሊት ሙሉ ሳመሳክር አድሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ካርድ ከነሙሉ ፎልደሩ ቀኑን፣ ካሜራውንና የካርዱን ቁጥር በያዘ የራሱ ፎልደር ሳልገለብጥ ፕሮጀክት አልከፍትም። የካሜራዎቹንም ታይምኮድ ከቀረጻው በፊት «ፍሪ ረን» (ካሜራው ባይቀርጽም ቁጥሩ የማይቆምበት አሠራር) ላይ አድርጌ በቀኑ ሰዓት እሞላዋለሁ። የፋይል ስም መቀየር ካስፈለገ ወደ ፕሮጀክቱ ከመግባቱ በፊት ይሁን፤ ከገባ በኋላ መቀየር ክሩን መበጠስ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮክሲ (ለማቀናበር እንዲቀል የተዘጋጀ የዋናው ክሊፕ ቅጂ) ከተጠቀምሁስ?

መልስ፦ ፕሮክሲው ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ታይምኮድ፣ የፍሬም ፍጥነትና የድምፅ ቻናል ብዛት ይኑረው፤ ስሙም ዋናውን የሚያሳውቅ ይሁን።

ጥያቄ፦ ቀራጩ ምስሉን በቴሌግራም ነው የላከልኝ። ወደ ዋናው መመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ እንደ ቪዲዮ ተልኮ ከሆነ ምስሉ ተጨምቋል፤ የካሜራው የፋይል ስምና ታይምኮድም አብሮት ላይመጣ ይችላል። ካርዱ ሳይጠፋ በሃርድ ዲስክ ያስገልብጡ፤ ካልተቻለም «እንደ ፋይል» እንዲልክልዎ ይጠይቁት።