4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ያልሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ፌርማ የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ 4,294,967,297ን ከራሱና ከ1 በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር አድርጎ በመቁጠሩ እንደተሳሳተ አነበብኩ። ካልኩሌተር ባልነበረበት ዘመን ስሕተቱ እንዴት ታወቀ? እኔስ በእጄ አስልቼ ላረጋግጠው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃዎታል። ፌርማ ግን በዘፈቀደ አልተናገረም። ከ2 ተነሥተን እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ ስናባዛ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536 እናገኛለን። በእነዚህ ላይ፣ በ2ም ጭምር፣ 1 ሲደመር የሚገኙት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1640 ገደማ ፌርማ ይህ ነገር ያለማቋረጥ ይቀጥላል ብሎ አመነ፤ ማረጋገጫ እንደሌለው ግን ራሱ አልሸሸገም። የጠየቁን ቁጥር ቀጣዩ፣ ማለትም 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 የተጨመረበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1732 ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ቁጥሩ ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈልና ድርሻውም 6,700,417 እንደሆነ አሳየ። ቁጥሩ ብቸኛ ካልሆነ ከ65,537 የሚያንስ ብቸኛ አካፋይ ሊኖረው ግድ ነው፤ ከዚያ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ደግሞ 6,542 ናቸው። በተራ የሚሞክር ሰው 641 ላይ የሚደርሰው 115 ጊዜ ከከሸፈበት በኋላ ነው። የኦይለር ብልሃት ፍለጋውን እጅግ ያሳጥረዋል፦ የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ሊተርፈው ይገባል። ይህን የሚያሟሉት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ከዚያም 641 በመሆናቸው አምስተኛው ሙከራ ይሳካል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካ እ.ኤ.አ. በ1878 ከ64 ይልቅ 128ን መጠቀም እንደሚቻል ስላረጋገጠ፣ ዛሬ የሚቀሩን 257 እና 641 ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ወረቀትዎ እንምጣ። ዐሥር አሐዝ ያለውን ቁጥር መጻፍ አያስፈልግዎትም፤ አንድን ቁጥር በራሱ ከማባዛት ይልቅ ቀሪውን በራሱ ብናባዛ የመጨረሻው ቀሪ ስለማይለወጥ፣ ቀሪዎቹን ብቻ መከተል ይበቃል። 65,536 ለ641 ሲካፈል 102 ጊዜ ደርሶ 154 ይተርፋል። 154 በራሱ ሲባዛ 23,716 ይሆናል፤ ይህም ለ641 ሲካፈል 36 ጊዜ ደርሶ 640 ይተርፋል። እንግዲህ 4,294,967,296 ለ641 ሲካፈል የሚተርፈው 640 ነው። የፌርማ ቁጥር ከዚህ በ1 ስለሚበልጥ ቀሪው 641 ይሞላል፤ ምንም አይተርፍም ማለት ነው። እኛን የሚያስገርመን ፌርማ ራሱ ይህን አጭር ስሌት አለመሞከሩ ነው፤ ለአንድ የተወሰነ ቁጥር ሲካፈሉ 1 የሚተርፋቸውን አካፋዮች ፈልጎ የማግኘት ልምድ ነበረውና።

ከ65,537 ወዲህ በዚህ መንገድ የተገኘ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስካሁን የለም። ቀጣዩ፣ 20 አሐዝ ያለው 18,446,744,073,709,551,617፣ ለ274,177 ይካፈላል። እሱንም በዚሁ ዘዴ መፈተሽ ይቻላል፤ ወረቀቱ ግን ከግማሽ ገጽ ይበልጣል።