መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ምን ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው በኮሎራዶ ግዛት ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ነው። በበጋ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በሁለት ጂፕ ወደ ተራራው እንወጣና ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ደኑን በሚያቋርጥ ሸካራ መንገድ ነድተን፣ ወንዝ ዳር ቡናችንን አፍልተን እንመለሳለን። ባለፈው ወር ስንሄድ መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። በአካባቢው የተሽከርካሪ አጠቃቀም ላይ ለውጥ ለማድረግ እንደታሰበና ሕዝቡ አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ጓደኞቼ «ወስነው ጨርሰዋል፣ የሚጠይቁት ለይስሙላ ነው» ይላሉ። እኔ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለኝም፤ እንግሊዝኛዬም ለደብዳቤ የሚበቃ አይመስለኝም። ብጽፍ ዋጋ ይኖረዋል? ምን ብዬስ ልጻፍ?
(የኦሮራ አንባቢ)

መልስ፦ ጓደኞችዎ ለምን እንዲህ እንዳሉ ይገባኛል። ብዙዎቻችን «አስተያየት» የሚለውን ቃል ስንሰማ ትዝ የምትለን በየመሥሪያ ቤቱ መተላለፊያ የተሰቀለችው፣ ቁልፏ የት እንደገባ የማይታወቀውና አቧራ የጠገበችው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ናት። ይህኛው አስተያየት ግን ከሣጥኗ ይልቅ ለመዝገብ ከሚሰጥ የምስክርነት ቃል ጋር ይቀራረባል። የጻፉት ከጉዳዩ መዝገብ ጋር ይያያዛል፤ ውሳኔው ኋላ በፍርድ ቤት ቢከራከሩበት ዳኞች በዋናነት የሚመረምሩት ይህንኑ መዝገብ ነው። በአንጻሩ የድምፅ አሰጣጥ አይደለም። አንድ ሺህ ሰው «ይከፈት»፣ አምስት መቶ ሰው «ይዘጋ» ስላለ መንገዱ አይከፈትም። ጓደኞችዎ የሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የብዛት ጉዳይ መስሏቸው «የእኛ የአራት ሰው ቃል ምን ይፈይዳል» ብለው ተስፋ ቆርጠዋል።

ማን ምን ብሎ እንደሚወስን ካልታወቀ ምን መጻፍ እንዳለበትም አይታወቅምና ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። ብሔራዊ ደኖቹ፣ በቁጥር 154 ሲሆኑ፣ ከብሔራዊ ፓርኮች የተለዩ ናቸው፤ የሚያስተዳድራቸው በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ሥር ያለው የደን አገልግሎት ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ትእዛዝ የፌዴራል መሬት አስተዳዳሪዎች ከመንገድ ውጪ የሚነዱ ተሽከርካሪዎች የት እንደሚፈቀዱና የት እንደሚከለከሉ እንዲለዩ አዘዙ፤ ፕሬዚዳንት ካርተርም በ1977 ብርቱ ጉዳት የታየበት ስፍራ ወዲያውኑ እንዲዘጋ በመጨመር ትእዛዙን አጠበቁት። ይሁንና ብዙዎቹ ደኖች ለዓመታት «ካልተከለከለ ይነዳል» በሚል ልማድ ቆዩ። ይህን የገለበጠው በኖቬምበር 2005 የወጣው ደንብ ነው። በእርሱ መሠረት እያንዳንዱ ደን ለሞተር ተሽከርካሪ የተፈቀዱትን መንገዶችና ስፍራዎች በተሽከርካሪ ዓይነትና በወቅት ለይቶ በካርታ ያወጣል፤ ካርታው ላይ የሌለ ሁሉ ዝግ ነው።

ስለዚህ ብዕር ከማንሳትዎ በፊት ያንን ካርታ ያግኙ። በነፃ ይሰጣል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሆነ ተራራውም ወንዙም ደብዝዞ ነው የሚታየው፤ ለዓይን አያምርም፤ ግን ሕጉ እርሱ ነው። የጎማ ዱካ መኖሩ ወይም የክልከላ ምልክት አለመኖሩ ለነጂ ማስተባበያ አይሆንለትም። የመንገዱን ቁጥር መንገዱ ዳር ከቆመችው ትንሽ የቁጥር ምሰሶ ላይ አይተው ይጻፉ፤ ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች ከተደረደረ መንገዱ እንደ ጂፕዎ ከመሬት ከፍ ላሉ መኪኖች፣ ወደ ጎን ከተጻፈ ደግሞ ለተራ አውቶሞቢልም የሚሆን ነው ማለት ነው። ወንዝ ዳር ቡና የምታፈሉባት ቦታ ድረስ መኪናው የሚገባው በተፈቀደ መንገድ መሆኑንም ያረጋግጡ። (የቡናውን እሳት ነገር ለሌላ ቀን ልተወው፤ በደረቅ ወራት እዚያ አገር እሳት ማንደድ በተደጋጋሚ እንደሚከለከል ግን ይወቁ።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የ2005ቱ ደንብ፣ ውሳኔውን የሚሰጠው የደኑ ሹም መንገድ ሲመርጥ የሚከተሉት ጉዳቶች እንዲቀንሱ ታሳቢ እንዲያደርግ ያስገድደዋል፦ በአፈር፣ በውሃና በዕፀዋት ላይ የሚደርሰው፣ በዱር እንስሳትና በመኖሪያቸው ላይ የሚደርሰው፣ በነጂዎችና ደኑን በሌላ መንገድ በሚጠቀሙ ሰዎች መካከል የሚነሣው ግጭት፣ እንዲሁም በተለያዩ ተሽከርካሪዎች መካከል ያለው አለመጣጣም። ሚዛኑ ይህ ነውና «መንገዱን እንወደዋለን፣ እባካችሁ አትዝጉብን» የሚል ደብዳቤ፣ ምንም ከልብ የመነጨ ቢሆን፣ በዚህ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ ነገር አይሰጥም። በምሳሌ ላሳይዎ። «ከመግቢያው ሁለት ማይል ገደማ ላይ መንገዱ ሣር የለበሰ ሜዳ ያቋርጣል። በረዶው በሚቀልጥበት ጊዜ ውሃ ይተኛበታል። ነጂዎች ጭቃውን እየሸሹ በሣሩ ላይ ስለዞሩ አንዱ መንገድ ሦስት ሆኗል፤ ከዚያ የሚታጠበው አፈርም ወደ ጅረቱ ይወርዳል። መንገዱን ሙሉ በሙሉ ከመዝጋት ይልቅ ዝቅ ያለው ቦታ በድንጋይ ቢደለደል፣ ውሃው በቱቦ ቢሻገር፣ ዳርና ዳሩ በትላልቅ ቋጥኞች ቢታጠር፣ መሬቱም እስኪደርቅ ድረስ በየዓመቱ ለጊዜው ቢዘጋ ችግሩ ይቃለላል።» ይህን ከጠረጴዛ ሆኖ ማንም አይጽፈውም፤ በሜዳው ያለፈ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። «የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባል የለ!

ምሳሌው ላይ ጉዳቱን ራሱ ነጂው መናዘዙን ልብ ይበሉ። ጥፋቱን ደብቆ «መንገዱ እንከን የለበትም» ማለት በጠበቃ ዓይን ብልህነት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የደኑ የአፈርና የውሃ ባለሙያ ቦታውን አይቶት ከሆነ የቀረውም ቃልዎ አብሮ ይረክሳል። ደግሞም ምርጫው ክፍት ወይም ዝግ ብቻ አይደለም። በወቅት መገደብ፣ ለጠባብ ባለ አራት ጎማ ሞተሮች ብቻ መተው፣ ወደ እግር መንገድ መለወጥ፣ እንዳለ መተው፣ ሁሉም ሊቀርቡ የሚችሉ አማራጮች ናቸው። የቀረቡትን አንብበው የትኛውን እንደሚደግፉ በቁጥሩ ይጥቀሱ፤ የሚሻል ካለዎትም እርሱን ያቅርቡ።

ዜግነትን በተመለከተ አይስጉ፤ አስተያየት ለመስጠት ዜጋ መሆን አይጠየቅም። የሚጽፉት ስምና አድራሻ ግን ለሕዝብ ክፍት ከሆነው መዝገብ ጋር እንደሚቀመጥ ይወቁ። ስም የሌለበት ደብዳቤም ይነበባል፤ ጉዳቱ ወደ ኋላ በውሳኔው ላይ መደበኛ ተቃውሞ ለማቅረብ መብት የማያሰጥ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛውንም ቢሆን ሰዋስዉን የሚያርም የለም፤ በአማርኛ ይንደፉትና ልጅዎ ወይም ወዳጅዎ ይመልሰው፣ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እኛ የለመድነውን የአክብሮት መግቢያና የቃለ አጋኖ ድርድር ትተው በመጀመሪያው መስመር ላይ የፕሮጀክቱን ስምና የመንገዱን ቁጥር ያስፍሩ።

አራታችሁም አንድ ደብዳቤ ላይ ከምትፈርሙ እያንዳንዳችሁ ያያችሁትን ብትጽፉ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በጸደቀው፣ መንገድ ባልገባባቸው ደኖች ላይ በወጣው ደንብ ዝግጅት ወቅት 600 ያህል ሕዝባዊ ስብሰባዎች ተካሂደው 1.6 ሚሊዮን ያህል አስተያየቶች ቀርበዋል፤ እጅግ የሚበዙት ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ የተባዛባቸው ነበሩ። በአንባቢው ዓይን ሺህ ጊዜ የተባዛ ሐሳብ አንድ ሐሳብ ነው።

የጊዜ ገደቡን አደራ! ውሳኔው በአካባቢው ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ሰፋ ያለ ጥናት በተደረገባቸው ጉዳዮች መደበኛ ተቃውሞ ማቅረብ የሚችለው አስቀድሞ በተከፈተው ጊዜ ውስጥ ጉዳዩን ለይቶ የጻፈ ሰው ነው፤ ያኔ ዝም ብሎ ኋላ ሰንሰለቱ ሲጋረድ መቆጣት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። በአጭር ጥናት የሚወሰኑ ትናንሽ ጉዳዮች ደግሞ የተቃውሞ ደረጃ ጨርሶ ላይኖራቸው ይችላል። የግብርና ሚኒስቴሩ በ2025 የአካባቢ ጥናት ሥርዓቱን ስለለወጠ ከዚያ በፊት የተጻፉ መመሪያዎችን ተማምነው ቀን አይቁጠሩ፤ ቀኑን ከራሱ ከማስታወቂያው ይውሰዱ፣ ያልገባዎትንም በማስታወቂያው ላይ ወደተጻፈው የደኑ ቢሮ ደውለው ይጠይቁ።

ይህን ሁሉ አድርገው መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። ቃል የገባልዎ ሰው ካለ አይመኑት።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ መኪና የለኝም። ከሲያትል ምሥራቅ ባለው ደን ከልጆቼና ከቤተ ክርስቲያን እህቶቼ ጋር በእግር እንጓዛለን፤ የሞተር ሳይክሎቹ ጩኸትና አቧራ አማረረን። እንዲህ ያለ አስተያየት የነጂዎች ብቻ ነው?
(እናት፣ ከሲያትል)

መልስ፦ በፍጹም አይደለም፤ ከላይ የጠቀስኩት የግጭት ነጥብ በቀጥታ እርስዎን የሚመለከት ነው። መጀመሪያ ያ መንገድ በካርታው ላይ ለሞተር ሳይክል የተፈቀደ መሆኑን ይመልከቱ። ካልተፈቀደ ነገሩ የሕግ ማስከበር እንጂ የአስተያየት ጉዳይ አይደለምና ለደኑ ቢሮ ያመልክቱ። ከተፈቀደ «አማረረን» ብለው አይተዉት፤ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው መታጠፊያ፣ ስንት ሞተር እንዳለፈና ልጆቹ የት ላይ ዳር ለመያዝ እንደተቸገሩ በየጉዞው ማስታወሻ ይያዙ፤ ሁለቱን ወገኖች በቀን ወይም በመንገድ መለየት የሚቻልበት ሐሳብ ካለዎትም ይጨምሩ። ሲጽፉ ግን «ግንቦት» ያሉትን በእነርሱ አቆጣጠር «ሜይ» ወይም «ጁን» መሆኑን ለይተው፣ ሰዓቱንም እንደ እነርሱ አድርገው ያስፍሩ። አለበለዚያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያዩት ሞተር መዝገቡ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲጋልብ ይገኛል።