«አንዲት ቀዳዳ ስታይ ዕድሜሽ ሊያልቅ ነው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባዮሎጂ ልትጨርሺ አንድ ዓመት ቀርቶሻል። ከዚያ የአንጎል ሴሎችን የፖታሲየም ቻናል፣ ማለትም ፖታሲየም በሴሉ ሽፋን የሚያልፍባትን ጥቃቅን በር፣ ማጥናት አምሮሻል። አባትሽ ደግሞ «አንዲት ቀዳዳ ስታይ ዕድሜሽ ሊያልቅ ነው? ሕክምና ግቢ» ብለውሻል። ሒሳብም ያስፈራሻል።

ሒሳቡን ቶሎ ልለፈው። የኦም ሕግ (የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ፣ ፍሰትና ተቃውሞ ግንኙነት) ከገባሽ መነሻ አለሽ። ሌላው እየሠራሽ ይመጣል።

የአባትሽ ነገር ግን ከነከነኝ። ያቺ «ቀዳዳ» የሴሉ ልጓም ናት። ሴሉ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከውጭው 30 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ቻናሉ ሲከፈት ፖታሲየም ይወጣል፤ የተነሳሳው ሴል ይረጋጋል። ልጓሙ ሲላላስ? ኬሲኤንኪው2 የተባለው ጂን ሲበላሽ ሕፃናት በተወለዱ በቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታ ሊይዛቸው ይችላል። ታዲያ ይህ ከሕክምና በምን ይርቃል? ሮድሪክ ማኪኖንም ሐኪም ነበር። ሕክምናውን ትቶ ወደ እነዚህ ቻናሎች ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1998 የአንዱን ቅርጽ አሳየ። ፖታሲየም እያለፈ በመጠን የሚያንሰው ሶዲየም ለምን እንደሚቀር የገባን ያኔ ነው። በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተጋራ።

እኔ ፋርማሲ ተምሬ ስድስት ዓመት ፓች ክላምፕ ፊት ተቀምጫለሁ፤ በቻናሎች የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካ መሣሪያ ነው። ጫፏ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ የሆነች የመስታወት ቱቦ ሴሉ ላይ ታሳርፊያለሽ። በአፍሽ ቀስ አድርገሽ ትስቢያለሽ። ሲጣበቅልሽ ስክሪኑ ላይ ሲንቀጠቀጥ የነበረው መስመር ጸጥ ይላል። ከዚያ አንዲት ቻናል ስትከፈት መስመሩ እንደ ደረጃ ዘለል ይላል፤ ስትዘጋ ይመለሳል። አንድ ሞለኪውል ሲሠራ በዓይንሽ እያየሽ ነው! ብዙ ቀን ግን ምንም አይጣበቅም፣ ባዶ እጅሽን ቤት ትገቢያለሽ። ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት እንዲህ ያለ ላብራቶሪ ፈልጊና ሁለት ወር ከሚሠራ ሰው ጎን ተቀመጪ። ባዶውን ቀን ከቻልሽው ሥራው ያንቺ ነው።

ገንዘቡን አልዋሽሽም። ዶክትሬት ረጅም ነው፣ ክፍያውም ትንሽ ነው። ቤተሰቡ ያንቺን ደሞዝ የሚጠብቅ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ በቁጥር ተነጋገሩ፦ በወር ስንት፣ እስከ መቼ። የተፈለገው «ዶክተር» የሚለው ስም ብቻ ከሆነ ግን ያ ያንቺ ዕዳ አይደለም። ሙያው ደግሞ ገበያ አለው። አዳዲስ መድኃኒቶች የልብን ፖታሲየም ቻናል እንዳይዘጉ ይፈተሻሉ፤ እኔም ከላብራቶሪ ስወጣ የተቀጠርኩት ለዚሁ ሥራ ነው።

የት ልማር ላልሽው፣ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት «አዲስ ተማሪ ሲመጣ መሣሪያው ላይ አብሮት የሚቀመጠው ማነው?» ብለሽ ጻፊላቸው። ስም ጠርተው የሚመልሱልሽ ጋ ሂጂ።