ለተጫዋቾቹ ምግብ ብከለክል ክለቡን አፈረሰች እባላለሁ፤ ብቀጥል ቤቴ ይዘጋል

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

በአንዲት የዞን ከተማ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። ከተማችን በአንደኛ ሊግ የሚጫወት የእግር ኳስ ክለብ አላት። መስከረም ላይ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ መጥተው «ከሌላ አካባቢ ያመጣናቸውን 14 ተጫዋቾች መግቢልን፤ ሒሳቡን ክለቡ በየወሩ ይዘጋል» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና የዚህ ክለብ ደጋፊ ነበሩ፤ ሜዳ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። የጥቅምትና የኅዳር ሒሳብ በባንክ ገባልኝ። ከታኅሣሥ ወዲህ ግን አንድም ሳንቲም አልመጣም።

የዱቤ ደብተሬ ላይ በስማቸው ፋንታ የማሊያ ቁጥራቸውን ነው የምጽፈው፦ «7 ቁጥር ፍርፍር፤ 4 ቁጥር ሽሮ፣ እንጀራ ጭማሪ»። ዛሬ ድምሩ 186 ሺህ ብር ደርሷል። ዘንድሮ የምድባችን ጨዋታዎች በሌላ ከተማ ስለተካሄዱ የከተማው ሰው ቡድኑን ሜዳ ላይ አላየውም፤ የሚያየው እኔ በረንዳ ላይ ሲበላ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ደመወዝ ካገኙ አራት ወር አልፏቸዋል። ሃያ ዓመት ያልሞላቸው አሉባቸው። «ማዘር» ነው የሚሉኝ። በረኛው ይሉኝታ ይዞት ነው መሰል፣ ማታ ማታ ሳልጠይቀው ኩሽና ገብቶ ሰሃን ያጥባል።

ባለቤቴ «ነገውኑ አቁሚ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ጤፉንም ዘይቱንም የምገዛው እጅ በእጅ ነው። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያም ገና አልተከፈለም። ባለፈው ለደጋፊ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ችግሬን ባዋያቸው «አንቺ ክለቡን ልታፈርሺ ነው እንዴ?» ብለው ሰው ፊት ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ቁርስ የሚበሉ ደንበኞቼ ፊታቸውን አዙረውብኛል። አንድ ዘመዴ ደግሞ «የልጆቹን መታወቂያ ያዢ፣ ያኔ ክለቡ ሳይወድ በግዱ ይከፍላል» ይለኛል። ክለቡ ስጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ «በጀት ሲለቀቅ» ነው። ብከለክል ልጆቹ ይራቡብኛል። ምን ላድርግ?

የልጆቹ «ማዘር»

*

ውድ እህቴ፤

መታወቂያቸውን እንዳይዙ። ከሁሉ በፊት ይህን ልበልዎት። ያለ መታወቂያ ልጆቹ ኬላ አያልፉም፣ ከባንክም ብር አያወጡም፤ ክለቡ ግን ምንም አይጎልበትም። ምግቡን የበሉት እነሱ ቢሆኑም ያዘዘው ክለቡ ነው፤ ሁለት ወር የከፈለውም ክለቡ ነው። ባለዕዳዎ እሱ ነው። ልጆቹ እንደ እርስዎ ገንዘባቸው የተያዘባቸው ሰዎች ናቸው።

«ክለቡን ልታፈርሺ ነው» የሚለው ቃል እንዳቆሰለዎት ከደብዳቤዎ ይታያል። የሊቀ መንበሩ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የክፍለ ሀገር ክለብ ለከተማው ምን እንደሆነ በ2010 ዓ.ም. ያየ አይረሳውም። ወላይታ ድቻ አምስት ጊዜ የአፍሪካን የሻምፒዮኖች ዋንጫ ያነሳውን የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ከኮንፌዴሬሽን ካፕ ያሰናበተው በዚያ ዓመት ነበር። ጅማ አባ ጅፋርም በዚያው ዓመት ወደ ፕሪምየር ሊግ ባደገ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ሻምፒዮን ሆነ። ይኸው ጅማ አባ ጅፋር ታዲያ በ2014 ወረደ። ሙገር ሲሚንቶና ዳሽን ቢራ የተባሉት ክለቦችም በአንድ ወቅት ፕሪምየር ሊጉ ላይ ነበሩ፤ ዛሬ ግን የሉበትም። ስለዚህ ክለቡን የሚወድ ሰው ቢሰጋ አልፈርድበትም፤ ስጋቱን ይዞ እርስዎ ላይ መጮሁ ግን ትክክል አይደለም።

እስቲ ክለቡ በምን እንደሚተዳደር እንነጋገር። አብዛኞቹ የከተማ ክለቦቻችን የሚኖሩት ከከተማው አስተዳደር በሚመደብ በጀት ነው፤ በብዙ ቦታ የቦርዱ ሰብሳቢ ከንቲባው ናቸው። በእናንተ ደረጃ የቴሌቪዥን ገቢ የለም፤ ጨዋታው ሌላ ከተማ ከሆነ ደግሞ የመግቢያ ትኬትም የለም። ክረምት ላይ ተጫዋች ለማስፈረም ገንዘቡ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይጨበጨባል። የገና በዓል ሳይደርስ ካዝናው ይራቆታል። ከዚያ በኋላ ክለቡን ተሸክሞ የሚከርመው የከተማው ዱቤ ነው፦ የምግብ ቤቱ፣ የቤት አከራዩ፣ የሚኒባሱ ባለቤት። እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው። 186 ሺህ ብር ያስቀመጠ ድርጅት ቢሆን ስሙ ማሊያው ላይ ይጻፍለት ነበር፤ እርስዎ ግን ያንኑ አድርገው ሰው ፊት ተዘለፉ።

አሁን ወደሚደረገው እንሂድ፤ ጊዜ የለዎትምና። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ዓመቱ ሳይዘጋ ዕዳዎ በወረቀት ካልሰፈረ፣ ሐምሌ ላይ «ያ ያለፈው ዓመት ነው» የሚል አዲስ ሰው ሊገጥምዎት ይችላል። በማሊያ ቁጥር የተጻፈ ደብተር ለእርስዎና ለልጆቹ ግልጽ ነው፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ግን ምንም አይናገርም። ከአሠልጣኙ ጋር ተቀምጠው እያንዳንዱን ቁጥር በሙሉ ስም ይገልብጡት፤ በየወሩ ስንት ምግብ፣ በስንት ብር እንደሆነ ይደምሩ፤ ተጫዋቾቹ በየስማቸው አጠገብ ይፈርሙ። የጥቅምትና የኅዳር ክፍያ የገባበትን መግለጫ ከባንክዎ ያውጡ። ስምምነቱ በቃል ስለነበር፣ ክለቡ እንዳዘዘና እንደከፈለ የሚያሳይልዎት ትልቁ ማስረጃ እሱ ነው። የደረሰኝንም ነገር ካሁኑ ይጠይቁ፤ ያለ ደረሰኝ የመንግሥት ገንዘብ ከካዝና አይወጣም። ከዚያ የጥያቄ ደብዳቤውን ለክለቡ፣ ግልባጩን ለከንቲባ ጽሕፈት ቤትና ለስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ያስገቡ። ቀሪው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ሳያስመቱ ከመዝገብ ቤት እንዳይወጡ። እስከ ሰኔ አጋማሽ መልስ ካጡ ጠበቃ ያማክሩ፤ ያኔ ወረቀትዎ ሙሉ ስለሆነ ሥራው ይቀላል።

ምግቡን በተመለከተ ከባለቤትዎ ጋር ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። ነገ ጠዋት በር መዝጋት ለእርስዎም አይሆንልዎትም፤ ለዚያ የሚሆን ልብ ቢኖርዎት ኖሮ አይጽፉልኝም ነበር። ግን ማብቂያ ቀን የሌለው ዱቤ ይቁም። ለክለቡ በጽሑፍ ቀን ይቁረጡለት፤ አሥር ቀን በቂ ነው። እስከዚያ በቀን አንድ ምግብ ያቅርቡ። ልጆቹን ሰብስበው ራስዎ ይንገሯቸው፤ ከሌላ አፍ እንዳይሰሙ።

በዚያው አጋጣሚ አንድ ነገር ይጠቁሟቸው። በፊፋ የዝውውር ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ፣ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ አሳውቆ 15 ቀን ከጠበቀ በኋላ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አለው። የአገር ውስጥ ውላቸው ላይ ምን እንደተጻፈ አንብበው፣ አቤቱታቸውን ለፌዴሬሽኑ በጋራ ያቅርቡ። እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ የፈረሙት ውል ቅጂ እንኳ እጃቸው ላይ የለም። ከሌላቸው ዛሬውኑ ይጠይቁ።

በረኛውን ሰሃን ማጠቡን አይከልክሉት። ቀና ብሎ የሚበላው በዚያ ነው። ግን የሠራበትን ከሒሳቡ ላይ ይቀንሱለት፤ ሲቀነስም ይየው።

የልጅዎን ክፍያ ደግሞ ከነገው ሽያጭ ለይተው ያስቀምጡ፤ ከዱቤው በፊት እሱ ይቅደም።

የቀረው ሊቀ መንበሩ ናቸው። እርቅ ለመጠየቅ እንዳይሄዱ፤ ያጠፉት ነገር የለም። ከሰፈርዎ የሚከበሩ ሁለት ሰዎች ይዘው፣ ደብተሩን ከፍተው ያሳዩዋቸው። ለቅሶ ቤት ሲሆን ወጪውን እድሩ ይካፈላል እንጂ አንዲት ጎረቤት ላይ አይጥልም፤ ይህም እንደዚያ ይታይ። ከማኅበሩ አባላት መካከል ነጋዴ አለ፣ መምህር አለ፣ ጤፍ የሚያመርት ገበሬ አለ። አንዱ የአንድ ተጫዋች ምሳ ለአንድ ወር ቢችል፣ ሌላው ግማሽ ኩንታል ጤፍ ቢያመጣ 14 ልጅ አይራብም፤ እርስዎም የሠሩበትን ብቻ ያስከፍላሉ። ያንን ሲጨርሱ፣ ማኅበሩ እስከ ሰኔ መጨረሻ ስንት ተጫዋች እንደሚችል ቁጥሩን በቃለ ጉባኤ ጽፈው እንዲሰጡዎት ይጠይቋቸው።