ከብሪጀርተን ምዕራፍ 4 በፊት የትኛው መጽሐፍ ይነበብ?

እህቴ፣ ከጁሊያ ክዊን መጻሕፍት ስለተሠራው የኔትፍሊክስ ተከታታይ ፊልም ስለ ብሪጀርተን፣ «ምዕራፍ (ሲዝን) 4ን ከማየቴ በፊት አራተኛውን መጽሐፍ ላንብብ ወይ?» ላልሽው፣ ሦስተኛውን ነው የምታነቢው። ተከታታይ ፊልሙ የመጻሕፍቱን ቅደም ተከተል አልጠበቀም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ምዕራፍ 3 የአራተኛውን መጽሐፍ፣ የኮሊንንና የፔነሎፒን ታሪክ ቀድሞ ወሰደ። የሦስተኛው መጽሐፍ፣ የቤኔዲክትና የሶፊ ታሪክ ደግሞ ወደ ምዕራፍ 4 ተገፋ። መጽሐፉ ውስጥ የጭምብሉ ግብዣ ላይ ስትደርሺ አትቸኩዪ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሶፊ ሮጣ ስትጠፋ ቤኔዲክት እጅ ላይ የሚቀረው አንድ ጓንት ብቻ ነው። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ያንን ክፍል ነው!

ምዕራፍ 5 እና 6 እንደሚሠሩ ኔትፍሊክስ አስታውቋል፤ ስለዚህ ከ5ኛው እስከ 8ኛው ያሉትን መጻሕፍት ከአሁኑ ጀምሪ። ስድስተኛው ላይ ግን ተጠንቀቂ፦ መጽሐፉ ውስጥ ማይክል የተባለው ወንድ፣ ፊልሙ ላይ ሚካኤላ የተባለች ሴት ሆኗል።